የበለጠች ልጅ ማመልከቻ

ሄሎ… አዎን፣ ዓምደ ሚካኤል ነኝ። ማን ልበል?… ጽዮን። እንደምን ዋልሽ ልጄ። ከቀትር ጀምሮ ከስልኩ አልራቅሁም… ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እናትሽም እዚሁ ናቸው። ገበያ ውለው የሠሩትን የበግ ጠጉር ባና ሸጡና ድምፅሽን ልስማ ብለው በቀጥታ ወደኛ መጡ…

— ጥሩሸዋ፣ ራዲዮኑን ዝጊልኝ። ለወይዘሮ በለጠችም ወንበሩን ወደዚህ አስጠጊላቸው፤ መደቡ ይበርዳል…

ባለቤቴን ነው። ከየት ነው የምትደውይው?… ደብረ ብርሃን፣ ከሱቅ። ከኋላሽ ወረፋ የሚጠብቅ አለ?… ሁለት ሰዎች። ይጠብቁ፤ ነገ ቃለ መጠይቅ ያለብሽ አንቺ ነሽ እንጂ እነሱ አይደሉም… በስንት ሰዓት ነው?… ሦስት ሰዓት። እንግዲያው ሁለት ተኩል ላይ በሩ ላይ ተገኚ። ዋናው ማስረጃሽ በላስቲክ ተጠቅልሎ ነው?… ከማመልከቻሽ ቅጂ ጋር። ከላስቲኩ አውጪውና በአቃፊ ያዢው። የጸሐፊነት ሥራ የምትጠይቅ ሰው ወረቀት አያያዝዋ ከእሷ ቀድሞ ይናገራል።

አሁን ስሚኝ። ሲጠሩሽ ግቢ፣ ሰላምታ ስጪ፣ ተቀመጪ ሳይሉሽ አትቀመጪ። ከተቀመጥሽ በኋላ ነጠላሽን ወደ አፍሽ አታምጪ… ዐውቃለሁ፣ እኛ ዘንድ ጨዋነት ነው፤ እዚያ ግን ድምፅሽን ይውጠዋል። ዓይናቸውንም እያየሽ መልሺ… ድፍረት አይደለም። ሰው የሚመልሰው ለጠየቀው ነው እንጂ ለወለሉ አይደለም።

እንለማመድ። እኔ ሰብሳቢው ነኝ እንበል። «ስለ ራስሽ ንገሪን» አልሁሽ… ቀጥዪ… ቆይ። «እናንተ ታውቃላችሁ» ማለት ምንድን ነው? በምን ያውቁሻል? ይህን ተምሬያለሁ በይ። የቢሮ አስተዳደር ተምሬያለሁ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም እተይባለሁ፣ ፋይል አደራጃለሁ በይ። እውነት እስከሆነ ድረስ ትዕቢት አይባልም… እንዲያ። አሁን ተሻለ። ድምፅሽ ግን ለምን ይንቀጠቀጣል?

እሺ። ቀጥሎ ማመልከቻሽን አንብቢልኝ። ፈታኞች የሚጠይቁት በጽሑፍ ካቀረብሽው ተነሥተው ነውና የጻፍሽውን ልታስታውሺ ይገባል… ምን? ቅጂው አብሮሽ የለም? አሁን ከማስረጃው ጋር ነው አላልሽኝም?… ጽዮን። አንብቢ።

…«እኔ አመልካች በታላቅ ትሕትናና በእንባ»… በእንባ? ይህ ያንቺ አጻጻፍ አይደለም። ትምህርት ቤት ደብዳቤ አጻጻፍ ያስተማርሁሽ እኔው ነኝ። ማን እንደሆንሽ፣ የትኛውን ሥራ እንደምትፈልጊ፣ ምን እንደተማርሽ፣ ምን እንዳያያዝሽ፤ ከዚህ ያለፈ ነገር አይጻፍም ብዬሽ ነበር… ወዳጆ ጻፈልሽ። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጽሕፈት መኪናውን ዘርግቶ የሚውለው ወዳጆ… እዚህ ዘመሮ ውስጥ ሁሉም እሱ ዘንድ ስለሚያስጽፍ። ልጄ፣ ያ ሰው ዕድሜውን ሁሉ የድንበርና የቀለብ አቤቱታ ሲጽፍ የኖረ ነው። ዳኛ ማሳዘን ያውቅበታል። መሥሪያ ቤት ግን የሚፈልገው የምትሠራለትን ሰው እንጂ የሚያዝንላትን አይደለም… ቀጥዪ።

…«አባቴ ገና በሕፃንነቴ»… ልክ ነው፤ ነፍሳቸውን ይማር… ለምን አቆምሽ?… ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ?… ቀስ ብለሽ አንብቢው…

…

ድገሚልኝ።

…

— ምንም አይደለም ወይዘሮ በለጠች፣ መስመሩ ነው፤ ይቆራረጣል…

ጽዮን፣ እናትሽ ከፊቴ ተቀምጠዋል። እንዝርታቸውን አቁመው ፊቴን ያያሉ። እኔም አሁን ዋሸኋቸው፤ በዚህ ዕድሜዬ፣ በገዛ ቤቴ… ሳታነቢው ነው የፈረምሽው?… አንብበሽ። አንብበሽ ፈረምሽ… ወዳጆ ምን አለሽ? አባት የሞተበት በየቤቱ አለ፣ የአንድ ወላጅ ሞት አያስነብብም አለ? ስለዚህ እናትሽንም ጨመረልሽ… አታልቅሺ። ሰው ይሰማሻል።

— እነግርዎታለሁ፤ ይቀመጡ… የለም፣ ልጅቱ ደህና ናት። ወይዘሮ በለጠች፣ በልጅዎ ማመልከቻ ላይ እርስዎ ሞተዋል። ወዳጆ ጻፈው፤ እሷ ፈረመችበት…

ጽዮን፣ አለሁ… እናትሽ ሳቁ… እንጃ። ጥሩሸዋም አብራ ትስቃለች… ምን አሉ? «ከሞትሁ አይቀር በደንብ ገድላኝ ሥራውን ትያዝ፤ እኔ እንደሆነ ነገም እበላለሁ» ይላሉ።

— አይሆንም ወይዘሮ በለጠች። ጉዳዩ የእርስዎ ይቅርታ ብቻ አይደለም… ቢያስቀጥራትም አይሆንም። ሲታመሙ ለማን ብላ ፈቃድ ትጠይቃለች? ለሞተ ሰው? እግዚአብሔር ያርቀውና በእውነት ያረፉ ቀንስ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ማን ለቅሶ ይደርሳታል? ብቻዋን ተደብቃ ታለቅስዎታለች…

… እናትሽ እንዝርታቸውን አስቀመጡ። ሳቁ ቀረ።

ምን አልሽ?… ከፈታኞቹ አንዱ? የዘመሮ ሰው ነው? እናትሽንም ያውቃቸዋል… ባለፈው ክረምት ከሳቸው ባና ገዝቷል። ስለዚህ አልገባም ትያለሽ። ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ እመለሳለሁ ትያለሽ… ለዚህ ነው እንግዲህ ድምፅሽ የሚንቀጠቀጠው። ስሚኝ። ያ ሰውዬ ከሌላ አገር የመጣ ቢሆን ኖሮ ልትገቢ ነበር ማለት ነው?… ለራስሽ መልሺው። ይሁን።

ወረቀት አለሽ? ባለሱቁን እስክሪብቶ ለምኚው… የቅጂው ጀርባ ላይ ጻፊ፤ ማታ በንጹሕ ወረቀት ትገለብጪዋለሽ። ጠዋት መጀመሪያ መዝገብ ቤት ታስገቢዋለሽ፤ ከዚያ ወደ ፈተናው ትገቢያለሽ። «ባቀረብሁት ማመልከቻ ላይ ወላጅ እናቴ እንደሞቱ የገለጽሁት ሐሰት ስለሆነ እንዲታረም አመለክታለሁ።» ይኸው ነው። «በስሕተት» አትበዪ፤ ስሕተት አይደለም። ወዳጆንም አታንሺ፤ ፊርማው ያንቺ ነው።

… አዎን፣ ሊሰርዙሽ ይችላሉ… አላጽናናሽም። «ለእውነተኝነትሽ ይሸልሙሻል» ብልሽ ደግሞ ሁለተኛ ውሸት ይሆንብኛል። ከስንት ሰው መካከል ለፈተና እንደጠሩሽ ዐውቃለሁ፤ እናትሽ ስንት ክረምት ጠጉር ሲፈትሉ እንደከረሙም ዐውቃለሁ። እኔም ፈርቻለሁ ልጄ። ብትፈሪም ግቢ ነው የምልሽ…

እናትሽ ስልኩን ስጡኝ ይላሉ። ያዢ።

— ይኼኛው ወደ ጆሮዎ፣ ያኛው ወደ አፍዎ… ይናገሩ እንጂ፤ ትሰማዎታለች… ጥሩሸዋ፣ ተያቸው፣ ራሳቸው ይናገሩ… ወይዘሮ በለጠች?… ጨረሱ? እሺ፣ ይስጡኝ።

ሄሎ፣ ጽዮን። ምን አሉሽ?… እኔም አልሰማሁም። ስሚኝ፣ በጎቹ ደህና ናቸው በሏት ይላሉ… አዎን፣ ይህን ብቻ ነው ያሉት። እንዝርቱን መልሰው አንሥተዋል፤ ግን አያሾሩትም።

… እየጻፍሽ ነው?… እጠብቃለሁ። ወረፋ የያዙት ቢቆጡም ጻፊ… ጨረስሽ? አንብቢው…

… ቆይ። ይህን ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር እኔ አልሰጠሁሽም። የማረሚያ ደብዳቤ አጭር መሆን አለበት፤ የቤተሰብ ታሪክ አይጻፍበትም ብዬ… … ጠጉር ፈትለው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው ነው ያልሽው?… ተዪው። ይቆይ። ይህን መዝገብ ቤት ታስገቢዋለሽ?… በራስሽ እጅ?… ደግመሽ በይልኝ… መልካም። ከዚያም ትገቢያለሽ… መልካም።

ያንን ሁለተኛውን አንድ ጊዜ እንደገና አንብቢው። ቀስ ብለሽ፤ እኔ ጮክ ብዬ ለሳቸው እደግመዋለሁ።

— ወይዘሮ በለጠች፣ ልጅዎ የጻፈችውን ይስሙ…

«ወላጅ እናቴ»… አዎን… «ወይዘሮ በለጠች»… ቀጥዪ… «እስከዛሬ በሕይወት»… ሄሎ?… ሄሎ፣ ጽዮን… ትሰሚኛለሽ?… ሄሎ…

ተቋረጠ።

— ምን አሉኝ?… «አሉ» ነው የሚለው፣ ወይዘሮ በለጠች። በሕይወት አሉ ነው የሚለው።