የወታደሩ ፈረስ

የጎረቤቴ የእማማ የሻረግ ልጅ ወታደር ነበር፤ ለአገሩ ወድቋል። እማማ ለሙት ዓመቱ ፈረሱ ተሸልሞ፣ ባዶ ኮርቻውን እንደያዘ በሰልፉ ፊት እንዲሳብ አደራ ብለው ነበር። ታዲያ ያ ጉረኛ አማቻቸው የእንጅባራ ሰው ተሰብስቦ ሲያይ ዘሎ ጉብ አለበት! እማማ ፊታቸው ጠቆረ። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ስንደርስ ግን ፈረሱ ቀጥ ብሎ ቆመ። አማች በተረከዙ ቢጎስመው፣ ቢለምነው፣ ወይ ፍንክች!

«ውረድ!» አሉት እማማ። «ልጄ እዚህ ሲደርስ ሳይወርድ፣ ሳይሳለም አልፎ አያውቅም።»

አማች አፍሮ ወረደና በሩን ተሳለመ። ፈረሱም ባዶ ኮርቻውን ይዞ መንገዱን ቀጠለ።

«ሟቹ ፈረሱን እንኳ አስተምሮ ነው የሄደው፤ አንተን የሚያስተምር ነው የጠፋው» አልኩት።

«ተይው እቱ፣ ዛሬ ከፈረሱ ተምሯል» ብለው እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ሳቁ። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው።