ሾርባው ፈተና መኖሩን አያውቅም

አለፍኩ! ፈተናውን አለፍኩ! የመንግሥት ሠራተኛ ልሆን ነው! ትናንት ከሰዓት በኋላ የፈተና ቁጥሬ በአላፊዎቹ ዝርዝር ላይ ወጣ። ልጄ ሶዳም ሦስት ጊዜ አየችው፣ እኔ ሰባት ጊዜ። ስልኩን ዘቅዝቄም አየሁት። የኔው ቁጥር ነው።

ይቅርታ፣ ሰላምታውን ዘለልኩት። ምን ላድርግ፣ ከትናንት ጀምሮ ምላሴን ነክሼ ይዤው ነው የመጣሁት።

ክቡራትና ክቡራን፣ ዳይሬክተር ቦንግ፣ መምህራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንደምን ዋላችሁ? ለዚህ ሁሉ ሥጋ ጥብስ፣ እኔን ብላችሁ የከሰዓቱን ክፍል ስለዘጋችሁልኝም፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ናሪዬ፣ አንቺ ደግሞ እንግዳ መቀበያውን ጥለሽ ከጧት ጀምሮ ሰላጣ ስታጥቢ የዋልሽው፣ እጅሽ ይባረክ።

ግን እውነቱን ልናገር? ስገባ ፊታችሁን አይቼ ተሳስቼ ለቅሶ ቤት የገባሁ መስሎኝ ነበር። ይገባኛል። ከመጪው ወር ጀምሮ የፈተና ማሰልጠኛችን ተማሪዎች ጥያቄውን በታብሌት ነው የሚሠሩት፤ የማባዣ ክፍሉ ይዘጋል፤ የማባዣ ክፍሉ ማለት ደግሞ እኔ ነኝ። ዳይሬክተር ቦንግ ሊነግሩኝ የመጡ ቀን ስለ ዝናቡ አሥር ደቂቃ አወሩ። እኔው አዘንኩላቸውና «ጌታዬ፣ የሚዘጋው መቼ ነው?» ብዬ ገላገልኳቸው።

ስጦታችሁንም ከፍቼ አየሁት፤ የወገብ ማሞቂያ ነው። በጣም ደስ ይላል። እስቲ መምህራን፣ እዚህ ስጦታ ውስጥ ያለው ስውር ግምት ምንድን ነው? «ኦክሱን ከዚህ ከወጣች ቤቷ ትተኛለች» አይደለም? አትደንግጡ፣ አልመልሰውም። አሁን የምቀመጥበት የሰፈር አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ወንበርም ይቀዘቅዛል።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን ቃል ሳባዛ ኖሬያለሁ። «በሚከተለው ክርክር ውስጥ ያለው ስውር ግምት የቱ ነው?» ተከራካሪው ሳይናገር እውነት አድርጎ የያዘው ነገር ማለት ነው። የፈተና ማሰልጠኛዎች ሰፈር በሆነው በኖርያንግጂናችን ፈተና የሚያጠና ልጅ ሁሉ የሚፈራው ጥያቄ ይኸው ነው። እኔ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ የቀረሁ ሴት ነኝ፤ ወረቀቱ ትኩስ ሆኖ ከማሽኑ ሲወጣ ማዕዘኑን አስተካክሎ በስቴፕለር መምታት እንጂ ማንበብ ሥራዬ አልነበረም።

አንድ ቀን ግን አነበብኩት። «የኑድል ቤቱ በር ላይ ሁልጊዜ ሰልፍ አለ። ስለዚህ ኑድሉ ጣፋጭ ነው።» ብቻዬን ሳቅሁ። «ምናልባት ወንበሩ ሦስት ብቻ ይሆናላ!» አልኩ። ለካ መምህር ታክ ወረቀት ሊወስዱ መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል።

«እትዬ፣ ማን ነገረሽ?»

«ማንም። የአጎቴ ሚስት ኑድል ቤት ነበራት። ሦስት ወንበር። ሰልፉ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ይደርሳል። ኑድሉ ግን… ነፍሷን ይማረው።»

መምህር ታክ እንደዚያ ሲስቁ ያየሁት የዚያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ አዲስ ጥያቄ ባዘጋጁ ቁጥር ለተማሪ ከመስጠታቸው በፊት እኔ ዘንድ ያመጡት ጀመር። «እትዬ ካልገባት ጥፋቱ የጥያቄው ነው» ይሉ ነበር። ዘዴውንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ግምቱን ያዢና ገልብጪው። ገልብጠሽው ክርክሩ ከወደቀ፣ ክርክሩን ደግፎ የያዘው ምሰሶ እሱ ነው። ገልብጠሽው ክርክሩ ንቅንቅ ካላለ፣ እሱን ተይውና ሌላ ፈልጊ። ሌላ ምንም ምሥጢር የለውም።

ከሦስት ዓመት በፊት አንዷ ተማሪ «እትዬ፣ ለምን አይፈተኑም?» ብትለኝ «በዚህ ዕድሜዬ?» ብዬ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። መምህር ታክ አልሳቁም። ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ «እዚህ ውስጥ ያለው ስውር ግምት ምንድን ነው?» አሉ። በቃ። እሱን ተሸክሜ ቤቴ ገባሁ። ሌሊቱን «በዚህ ዕድሜ አይታለፍም» የሚለውን ግምቴን ገለበጥኩት፣ ክርክሬ ወደቀ። በማግስቱ መጽሐፍ ገዛሁ።

ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። ከልጄ በቀር ለማንም አልነገርኩም፤ ለናሪ እንኳ። ለናሪ መንገር ማለት ለመላው ኖርያንግጂን መንገር ነው። አትቆጪ፣ እውነት ነው። የዘንድሮው ሦስተኛዬ ነበር፤ ያውም ማባዣው እንደሚዘጋ ካወቅሁ በኋላ። ይህንን ብወድቅ በእርግጥም የወገብ ማሞቂያዬን ታጥቄ መተኛቴ ነበር።

አሁን መምህር ታክ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ባለፈው ክረምት የነገሩኝን ላወጣው ነው። ጠዋት እንዲፈቅዱልኝ ጠይቄዎታለሁ፤ «እንደፈለግሽ» ብለውኛል። አሁን መሬት መሬት ቢያዩም አልተውም።

በዚያ ብርድ ከመንገድ ዳር ምግብ ሻጭ ጋሪ ላይ የገዛነውን ሩዝ በወረቀት ኩባያ ይዘን ቆመን ስንበላ ነው። እሳቸውም በወጣትነታቸው ይህንኑ ፈተና ተፈትነው ነበር። የፈተናው ቀን ከልደታቸው ጋር ገጠመ። እናታቸው ደግሞ እንደማንኛዋም እናት የልጃቸው ልደት አይለፍ ብለው፣ ሳያስቡት፣ በልደት ቀን የሚበላውን የባሕር ሣር ሾርባ ሠርተው አቀረቡ። እሳቸውም እናታቸውን ላለማስከፋት በሉ። እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ለፈተና ቀን ውጤቱ ላይ ይጣበቅ ተብሎ ተጣባቂ ከረሜላ ይሰጣል እንጂ ያ ሙልጭልጭ ሾርባ አይቀርብም፤ የበላው ይንሸራተታል ይባላል።

በአንድ ጥያቄ ወደቁ።

«እናቴ እስክትሞት ድረስ ያን ሾርባ ዳግመኛ አልሠራችም፤ በራሷም ልደት» አሉኝ። «ልጄን የጣልኩት እኔ ነኝ ትል ነበር።»

«እርስዎስ ያምኑታል?» አልኳቸው።

«አላምንም። ግን አልበላም።»

ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት ልደታቸውን ያለ ሾርባ ያሳልፋሉ። ለስንት ሺህ ልጅ ስውር ግምት ያስተማሩ ሰው!

እኔ ደግሞ ነገሩ ከሆዴ አልወጣ አለ። «ሾርባ በላ፣ ወደቀ፤ ስለዚህ የጣለው ሾርባው ነው።» ስውር ግምቱ ምንድን ነው? ያን ሾርባ የበላ ማለፍ አይችልም የሚል ነው። ሾርባው ያን ቀን ፈተና መኖሩን ያውቃል እንደማለት! እንግዲህ ዘዴውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ግምቱን ያዢና ገልብጪው ነው ያሉኝ።

የፈተናው ጠዋት ማልጄ ተነስቼ ድስት ሙሉ የባሕር ሣር ሾርባ ሠራሁ።

ሶዳም በፒጃማዋ ወጥታ ሽታው ሲደርሳት ጮኸች። «እማዬ! አበድሽ? የማን ልደት ነው ዛሬ?»

«የማንም።»

«ታዲያ ድፊው! በናትሽ ድፊው!»

ሁለት ሳህን በላሁ። ከሩዝ ጋር። አልዋሻችሁም፣ መጀመሪያ ፈርቼ ማንኪያውን ሁለቴ መልሼ አስቀምጬዋለሁ። እኔስ ከየት መጣሁ? ያደግሁበት ነገር ነው። ሄጄ ፈተናው ላይ ተቀመጥኩ። አሥራ አራተኛው ጥያቄ ጋ ስደርስ ምን ይል መሰላችሁ? «በዚህ ክርክር ውስጥ ያለው ስውር ግምት የቱ ነው?» ጨነቀኝ፤ አራቱም መልስ አንድ መሰለኝ። ዓይኔን ጨፍኜ የማባዣ ክፍሌን በር አሰብኩ፤ እዚያ የቆሙትን ሰውዬ። ከዚያ አንድ በአንድ ገለበጥኳቸው። ሦስቱ ንቅንቅ አላሉም። አንዱ ክርክሩን ይዞት ወደቀ።

መምህር ታክ፣ ቀና ይበሉ እስቲ። ሾርባውን በላሁ፣ አለፍኩም። ግምቱ ወድቋል። እናትዎ ልጃቸውን አልጣሉም። ልጃቸው ተወልዶ በመገኘቱ ደስ ብሏቸው ሾርባ ሠሩ እንጂ ሌላ ምንም አላደረጉም። ይህንን እሳቸውን ባገኛቸው እነግራቸው ነበር፤ ስላላገኘኋቸው ለእርስዎ ነገርኩ።

ናሪ፣ አንቺ ደግሞ መሀረቡን አሳልፊላቸው፤ ለብቻሽ አትጨርሺው።

ዳይሬክተር ቦንግ፣ ቤትዎ ይሙላ፣ ታብሌቶቹ ባትሪ አይጨርሱብዎ። መምህራን፣ ድምፃችሁ አይዘጋ፤ የሚሰማ ተማሪ አይጥፋባችሁ። የማባዣ ማሽኔን የሚወስዳት ሰው ካለ፣ ጎኗን በእጁ መታ ካላደረጋት እንደማትነሳ ይወቅልኝ። ለፈተና የሚቀመጡት ልጆቻችን እስክሪብቷቸው አይድረቅ፤ የወደቀ ይነሣ፣ የተነሣም የወደቀውን አይርሳ። ሁላችሁንም ደስታ ቤታችሁ ድረስ ፈልጎ ያግኛችሁ፣ እኔን እንዳገኘኝ።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ናሪ ከመዝገቡ አይታ የመምህር ታክን ልደት ነግራኛለች። የሾርባ ድስቴ ትልቅ ነው፤ የመጀመሪያው ሳህን የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። በነጋታው ፈተና አለብኝ የሚል ሰው ካለ እሱ በተለይ ይምጣ። ማንም እንዳይቀር፤ እኔ ቤት፣ በልደታቸው ዕለት፣ ቅዳሜ ሳምንት፣ ልክ በስድስት ሰዓት!