መኪና የማይቆምበት ምግብ ቤት

ከጎንደር ወደ መተማ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከኋላዬ አንድ ጎልማሳ አጠገቡ ከተቀመጡ ሽማግሌ ጋር ያወራል።

«አባባ፣ እዚህች ከፊታችን ካለችው ከተማ፣ አስፋልቱ ዳር ምግብ ቤት ከፍቻለሁ።»

«ገበያው እንዴት ነው?»

«ምን ገበያ አለ! የሰሊጥ መኪናው ሁሉ ጡሩምባውን እየነፋ ያልፋል። ሾፌር የሚበላው ሌላ መኪና ቆሞ ካየበት ነው።»

«አንዱ ቢቆም ሁሉም ይቆማል በለኛ።»

«እሱን አንዱን ነው ያጣነው! የሚስቴ ጥብስ እኮ እጅ ያስቆረጥማል።»

«እንግዲያ እኛ እንጀምርልህ፤ ምሳ እዚያው እንብላ።»

«ኧረ ተዉ አባባ! አንድም መኪና ካልቆመበት ቤት ማን ይበላል? እኔም ራሴ የምበላው ገንዳ ውሃ ከተማ ሄጄ ነው።»

ርቦኝ ነበር፤ ከተማዋን ስናልፍ ግን ከምግብ ቤቱ ደጅ ቆማ እጇን የምታውለበልበውን ሴት እንዳላየሁ ሆንኩ።