ዳኤንግ ቶምፖ የደበቁት ቦታ

ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ዳኤንግ ቶምፖ ከበረዶ መሸጫው ሲወጡ ከራኑ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ራኑ የጎረቤታቸው ልጅ ናት፤ ማካሳር ከተማ ተምራ አሁን የጀልባዎችን ጉዞ በኮምፒውተር የሚከታተል ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። ልጃቸው ሳንግካላ ባሕር ወጥቶ ከቀረ ወዲህ ሽማግሌው ሁለት ወር ሙሉ ሲሸሿት ከርመዋል።

«አሰላሙ አለይኩም ዳኤንግ። እንዴት አደሩ?»

«ሞት የረሳው ሰው እንዴት ያድራል ብለሽ ነው?»

«ሠላሳ ጀልባ እርስዎን እየጠበቀ ነው። ጀልባው ያለበትን የሚነግረንን መከታተያ ሣጥን ዳኤንግ ካላሰሩ እኛም አናስርም ብለዋል።»

«ደግ አደረጉ! ስሚ ልጄ፤ እኛ ዘንድ ባሕር የሚወርድን ሰው ‹ወዴት ነህ?› ማለት እንኳ ነውር ነው፤ ዓሣው ይሸሻል። የማጠምድበትን የባሕር ውስጥ ድንጋይ አባቴ ሊሞት ሲል በጆሮዬ ነው ያንሾካሾከልኝ። ዛሬ እንደ እህል ላስጣው?»

«ከማን ነው የሚደብቁት? ትልልቆቹ መርከቦች የማጥመጃ ክልላችን ገብተው ባሕሩን በመረብ እየጠረጉት ነው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል አሉ!»

«ታዲያ አትይዟቸውም?»

ሽማግሌ ሲቆጣ ልጅ አንገቱን ይደፋል፤ ወጉ ይህ ነው። እንዲህ ያለው ወግ ግን ስንቱን እውነት አፍኖ አስቀርቷል! ራኑ አንገቷን አልደፋችም።

«ሳንግካላ የቀረ ቀን የአንዱ መርከብ ምልክት ክልላችን ጠርዝ ላይ ከኮምፒውተራችን ጠፋ፤ ከአራት ሰዓት በኋላ እዚያው በራ። በሳንግካላ ጀልባ ስባሪ ላይ የመርከቡን ቀለም አግኝተናል። ባለቤቶቹ ግን ‹እሱ ነው ከክልሉ ወጥቶ መንገዳችን ላይ የገባው› ይላሉ። የት እንደተገጨ የሚመሰክረው የሱ ሣጥን ብቻ ነበር።»

«ሣጥኑ ምን አለ?» ሲሉ ጠየቁ።

«ያን ቀን ሙሉ ከእርስዎ ቤት ንቅንቅ አላለም ይላል፣ ዳኤንግ።»

ሽማግሌው በረዶውን አስቀምጠው እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«እኔ ነኝ። ድንጋዬን እንዳያሳጣኝ ብዬ ከጀልባው ፈትቼ ሩዝ ጋን ውስጥ ከተትኩት። ‹አባዬ፣ ሣጥኑስ?› ሲለኝ ‹ቢሮ ወስደውታል› አልኩት፤ አምኖኝ ሄደ። ፈላጊዎቹም ‹የት ነው የሚያጠምደው?› ሲሉኝ ድንጋዬን ላለማሳየት ወደ ሰሜን ጠቆምኳቸው። ልጄን ልፈልግ ወደ ድንጋዩ ብቻዬን ቀዘፍኩ። በዚህ በደከመ ዓይኔ ምን አያለሁ?»

ራኑ የሣጥኑን ነገር ጠርጥራ ነበር፤ የፍለጋውን ግን አላወቀችም። አጠገባቸው ተቀምጣ አለቀሰች።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉ። «አሁን ምን ይረባል?»

«ለሳንግካላ አይረባም፤ አልዋሽዎትም። ሠላሳዎቹ ካሰሩ ግን መርከቡ ምልክቱን ቢያጠፋም ጀልባ ላይ ካሉት ልጆች ዓይን አያመልጥም። ያየው ልጅ ሣጥኑ ላይ ያለውን ቁልፍ ሲጫን ቦታውና ሰዓቱ ይመዘገባል፤ የጥበቃ ጀልባ ይደርሳል። ዓሣውም ፋታ ያገኛል። ሰው ቢቀርብን ደግሞ የት እንደምንፈልገው እናውቃለን።»

ሽማግሌው በረዶውን አንሥተው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ዓርብ ከሶላት በኋላ ግን ሣጥኑን ይዘው ባሕሩ ዳር ወረዱ። ገመዱ ላይ የተጣበቀውን ሩዝ በጥፍራቸው እያራገፉ ከጀልባቸው ጋር አሰሩት። ከዚያም ወደተሰበሰቡት ዓሣ አጥማጆች ዞሩ።

«በሉ፣ ወዴት ነህ በሉኝ።»

ማን ይድፈር? ሁሉም መሬት መሬት አየ።

«ወዴት ነዎት፣ ዳኤንግ?» አለች ራኑ።

«ከመብራት ማማው በስተምዕራብ፣ ሁለቱ ኮረብቶች አንድ መስለው ከሚታዩበት» አሉ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብለው። «ልጄ ያለው እዚያ ነው።»