ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ቁስል

አርብ ገበያ በምትባለው ከተማ፥ በገበያው ቀን፥ የማይገናኝ ሰው የለም። የተጣላ ከባላጋራው፥ የፈታ ከቀድሞ ሚስቱ፥ መምህር ከኮበለለ ተማሪው ፊት ለፊት ይጋጠማል። በኅዳር መጨረሻ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤልም የደረሰባቸው ይኸው ነው። ቅቤ ተራ ጎንበስ ብለው የአንዲት ባልቴት ቅል ሲያሸቱ ከኋላቸው «የኔታ፥ እንደምን ዋሉ?» የሚል ድምፅ ሰሙ። ዘወር ቢሉ እንየው ነው።

እንየው እሳቸው ዘንድ ፊደል ቆጥሮ፥ ንባብ ለይቶ፥ ዜማ ከጀመረ በኋላ አኩፋዳውን ጥሎ ወደ አስኳላ የሄደባቸው ልጅ ነው። አሁን ነርስ ሆኖ በከተማው ጤና ጣቢያ ይሠራል። በሄደ ጊዜ ክፉኛ ተቀይመውት ነበር፤ የእሳቸው ቅያሜ ግን እንደ ማለዳ ውርጭ ነው፥ ፀሐይ ስትወጣ አይገኝም።

«አንተ ከዳተኛ! አለህ?» አሉና ጉልበታቸውን ሊስም ሲጎነብስ ትከሻውን ይዘው አነሡት።

«አለሁ የኔታ፥ በጸሎትዎ። ግን ይቅርታ ያድርጉልኝና፥ በነቢያት ጾም መሪጌታ ቅቤ ተራ ምን ይሠራሉ? ሰው ቢያይዎ ምን ይላል?»

«ሰው የሚለውን ይበል! ለአፍ መሰለህ? ለቁስል ነው። የከረመ ቅቤ ፈልጌ ነው።»

«የማን ቁስል?»

«የፍሬሕይወት። የልጄ የሰርካለም ልጅ፥ የልጅ ልጄ። ቃርሚያ ወርዳ ማጭድ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ቆረጣት። ቅቤውን ከቅጠል ጋር ለውሼ አሰርኩላት። አሁን ቅቤው አለቀብኝ።»

የቅጠሉን ምንነት አልነገሩትም፤ ለማንም ነግረው አያውቁም። መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል በሚያገለግሉበት ደብር በዜማቸው ብቻ ሳይሆን በቁስል መድኃኒታቸውም የታወቁ ናቸው። ይህን ዝና ደግሞ ይወዱታል፤ መቼም ሰው ናቸው።

«ቁስሉ እንዴት ሆነ ታዲያ?» አለ እንየው።

«ማን አይቶት! ከታሰረ ጀምሮ አልተፈታም። ልጅቱም ከጓዳ፥ ከመጋረጃ ጀርባ ናት። የውጭ ጠረን ከመታው ያመረቅዛላ! ከእናቷ በቀር ማንም አይገባባትም።»

«ትኩሳትስ?»

«ታተኩስ ነበር። ጭኗ ስር ንፍፊት ወጥቶባት አሸሁላት። አሁንማ ተመስገን ነው፥ ያ ሁሉ ለቅሶ ቀርቶ ከትናንት ጀምሮ ዝም ብላለች።»

የእንየው የጨዋታ ፊት ጠፋ። የያዘውን ዘንቢል ለሚያውቃት ነጋዴ አስቀመጠና «የኔታ፥ ልሸኝዎ፤ ልጅቱንም ልያት» አላቸው።

«መሸኘቱን ሸኘኝ። ማየቱን ግን ተወው! የስንቱ ሰው ጠረን ተለጥፎብህ ነው ገበያ ውለህ የምትገባባት?»

መንገድ ጀመሩ። ገብስ የታጨደበት ማሳ ግራና ቀኝ ተዘርግቷል፤ በየአውድማው በሬ ይበራያል። እንየው መጣደፍ ፈልጓል፤ መምህሩን ጥሎ መሄድ ደግሞ አይቻለውም። ስለዚህ እግሩን እየያዘ በአንደበቱ ገሰገሰ።

«የኔታ፥ ጠረን የሚሉት ምኑን ነው?»

«ፀሐይ የመታው ሰው፥ ሽቶ የተቀባ፥ ሌላም ሌላም። አዋቂ ነህ፥ ሁሉን አታስለፍልፈኝ። ቁስል ይህን አይወድም። አባቶቻችን ሲሉ የኖሩት ነው።»

«አባቶቻችን በከንቱ አላሉትም። የታመመን ሰው መጭው ሁሉ እንዳይነካካው መጠበቃቸው ደግ ነው። እኛም ቁስል ባልታጠበ እጅ አይነካ እንላለን። ነገር ግን ከእንግዳ ዓይን የደበቅነውን ከራሳችንም ዓይን ደበቅነው። እዚያ ጨርቅ ውስጥ ዛሬ ምን እንዳለ ከእርስዎ ቤት የሚያውቅ ሰው አለ?»

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃ አሉ!» አሉ መሪጌታ በትራቸውን ከመሬት እየመቱ። «ጤና ጣቢያ ሳይኖር ሰው በቅቤና በቅጠል አልዳነም? እኔ ራሴ ስንቱን አድኛለሁ! ደግሞ እናንተ መርፌ ነው የምታውቁት። ቁስል ያለበት ሰው መርፌ ከተወጋ አለቀለት።»

ሽማግሌ ክርክር ሲጠብበው ድምፁ ከፍ ይላል። እንየውም ይህን ስለሚያውቅ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ድነዋል የኔታ፥ አልካድኩም። ሰውነት በራሱ ጊዜ የሚሽረው ቁስል ብዙ ነው። የዳነው መጥቶ ያመሰግንዎታል፤ ያልዳነው ግን መጥቶ አይወቅስዎትም። በመርፌ ሞተ የሚባለውም ቢሆን አብዛኛው መርፌው ዘግይቶ የደረሰለት ነው። ያልዳኑትን ከእኔ ይልቅ የሚያውቋቸው እርስዎ ነዎት፤ ፍትሐታቸውን ያደረሱት እርስዎ ነዎት።»

ይህን ጊዜ መሪጌታ የጎረቤታቸው የስንታየሁ ልጅ ትዝ አላቸው። እሾህ ወግቶት፥ እግሩ አብጦ፥ እንዲሁ ከመጋረጃ ጀርባ ተኝቶ ሞተ። ጠረን መታው ተባለ። ለአንድ አፍታ ውሃ ልትለምን ደጃፋቸው የቆመች ምስኪን መንገደኛ ገደለችው ተብላ ስንት ስድብ ወረደባት! ፍትሐቱን ያደረሱት እሳቸው ነበሩ። ይህን ግን ለእንየው አልነገሩትም።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለ እንየው። «ዜማ ሲያስተምሩን ለምን ጮኸን እንድናዜም ያዝዙን ነበር?»

«ስህተቱ እንዲሰማ ነዋ! አፉን ከድኖ የሚያንጎራጉር ተማሪ ስህተቱን ይዞት ያረጃል። ያልሰማሁትን በምን አርመዋለሁ?»

«ቁስልም እንዲሁ ነው የኔታ። ያላዩትን በምን ያክሙታል? ‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም› እያሉ የተረቱልን እርስዎ አይደሉም?»

መሪጌታ መልስ አጥተው አይደለም፤ መሪጌታ መልስ አያጡም። ነገር ግን የመጣላቸውን መልስ ራሳቸው አላመኑትም። ጥቂት ተጉዘው «ልጅቱ ዝም ማለቷ ታዲያ መልካም አይደለም?» አሉ፥ በተማሪ ድምፅ።

«ሕፃን ሕመም ሲያይልበት ለማልቀስም አቅም ያጣል። ተሽሏት ቢሆን ትበላ ነበር፥ ትጫወት ነበር። ትበላለች?»

መሪጌታ እርምጃቸውን አፈጠኑ።

ከቤቱ ሲደርሱ ሰርካለም ደጅ ቆማለች። ባሏ ንጋቱ ለቀን ሥራ ቆላ ከወረደ ወዲህ የአባቷን ቃል ተላልፋ አታውቅም፤ ዛሬ ግን ዓይኗ በእንባ ቀልቷል።

«አባባ፥ ይቆጡኝ እንጂ ጨርቁን ገለጥ አድርጌ አየሁት» አለች። «መግል ቋጥሮ ይሸታል። ዙሪያው ጠጠር ብሎ አብጦ እሳት ሆኗል። ከቁስሉ ተነሥቶ ወደ ጉልበቷ እንደ ክር የሚሄድ ቀይ መስመር አለ። ውሃ ስሰጣት አልውጥ አለች። ልጄ እየሄደችብኝ ነው!»

እንየው ከደፉ ላይ ቆመ። «የኔታ፥ ያለ ፈቃድዎ አልገባም። ግን ያ መስመር መርዙ ከቁስሉ ወጥቶ በሰውነቷ መንገድ መጀመሩ ነው። ያሹት ንፍፊትም ያንኑ የሚናገር ነበር። ዛሬ ካልታከመች ነገ እኔም ጤና ጣቢያውም የምናደርገው ነገር ላይኖር ይችላል።»

ሽማግሌው ልጃቸውንም ተማሪያቸውንም አዩ። ዕድሜ ልክ የተከበሩበት ጥበብ በአንድ ወገን፥ ፍሬሕይወት በአንድ ወገን ቆማለች። ጎበዝ፥ ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ! ሰው ከርስቱ ይልቅ ዝናውን መልቀቅ ይከብደዋል። መሪጌታ ግን ብዙ አልቆሙም፤ ጓዳ ገብተው መጋረጃውን በገዛ እጃቸው ከነገመዱ ገነጠሉት።

«ግባ ልጄ» አሉ። «እግዚአብሔር ያሳይህ።»

እንየው አስቀድሞ ውሃና ሳሙና ጠየቀና እጁን እስከ ክርኑ ታጠበ። ቁስሉን አየ፥ ግንባሯን ዳሰሰ፥ ትንፋሿን አዳመጠ። ቅቤ አልጨመረም፥ መግሉንም አልጨመቀም፤ ሰርካለም ትናንት አጥባ ፀሐይ ላይ ያደረቀችውን ንጹሕ ነጠላ ቀዶ ላላ አድርጎ ሸፈነው። ወዲያው ለባልደረባው ስልክ ደወለ። ፍሬሕይወትን አዝሎ እስከ ዋናው መንገድ ወረደና ከዚያ በባጃጅ ተጓዙ፤ መሪጌታ ታቦቱንና ጻድቃኑን ሁሉ እየተማጸኑ እናትየዋ ጎን ተቀምጠዋል።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ቁስሉ ተከፍቶ መግሉ ሲፈስና ሲታጠብ ልጅቱ በመጀመሪያ ዝም አለች። ቆይታ ግን ዓይኗን ገልጣ አንድ ጊዜ እሪ አለች፤ ግቢው ሁሉ ሰማ። ሌላ አያት ቢሆን ይደነግጥ ነበር። መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ግን ከደጅ ሆነው ጥምጥማቸው እስኪፈታ አለቀሱ፤ «አልቅሺ የኔ እመቤት! ጩኺ! አያትሽ ይስማሽ!» ይሉ ነበር። ያን የፈሩትን መርፌም ተወጋች፤ አንዱ ለመግሉ፥ ሌላው ለመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ነው። ሰኞ ዕለት ቆሎ ለመነች፤ የሚቀጥለው ገበያ ሳይደርስ በእግሯ ቆመች።

መሪጌታ የሚያውቁትን ደብቀው የሚያድሩ ሰው አይደሉም። በታኅሣሥ መጀመሪያ በዋለው ሰንበት፥ ከቅዳሴ በኋላ ከዋርካው ሥር ሕዝቡን አስቀመጡና ተናገሩ።

«ስሙኝ ወገኖቼ። ልጅ ሲቆስል አትደብቁት። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፥ ቁስሉን በንጹሕ ውሃ አጥቡት፥ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት፤ ሲነጋ ፈታችሁ እዩት። ቅቤ ያልኳችሁ እኔ ነኝ፤ ቅቤም፥ አመድም፥ እበትም ይቅር። እብጠቱ ከሰፋ፥ ካተኮሰ፥ መግል ከያዘ፥ ከሸተተ፥ ክር የመሰለ መስመር ካወጣ፥ ወይ ልጁ ምግብ እንቢ ካለና ዝም ካለ ለነገ አትበሉ፥ ሐኪም ዘንድ ሩጡ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ጸሎቱን አትተዉ፤ እኔም አልተውኩም። ቅጠሉን የፈጠረ አምላክ የሐኪሙንም እጅ ፈጥሯል። ይህን ያደረገ ቤት እግር አይቆረጥበትም፥ ልጅ አይቀብርም፥ ምስኪን መንገደኛም በከንቱ አይወቅስም።»

አንዳንዱ «መሪጌታ ጃጁ» አለ፤ ሰው ሲለወጥ ሁልጊዜ እንዲህ ይባላል። ስንታየሁ ግን ከሕዝቡ መካከል ነጠላውን ፊቱ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ነበር። ሁሉም ሲነሣ እሱ አልተነሣም፤ መሪጌታ ሄደው አጠገቡ ተቀመጡ።

በጥር አጋማሽ ጥላዬ የሚባል የማዶ ገበሬ እጁ ያበጠ ልጁን አቅፎ ከደጃቸው ደረሰ።

«የኔታ፥ ያን መድኃኒትዎን ሽቼ ነው የመጣሁ» አለ። «አገር ያወቀው መድኃኒትዎን።»

«አለኝ፥ እሰጥሃለሁ» አሉና በትራቸውን አንሥተው ጫማቸውን አጠለቁ።

ጥላዬ ግራ ገባው። «ወዴት ነው የኔታ? መድኃኒቱ ምንድን ነው?»

«ሳይመሽ ሐኪም ዘንድ መድረስ» አሉና ቀድመውት ቁልቁለቱን ጀመሩ።