ቀይ ሩዝ የሚዘራበት ነፋስ

የዘንባባ ቅጠል ልቆርጥ ወጥቼ በባሕሩ ዳር መንገድ ላይ ሳላስበው ከአባባ ዳጂ ጋር ተገጣጠምኩ። የዘር ቅርጫት በራሳቸው ላይ ተሸክመው፣ ነጭ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ ለልጃቸው ሚስት ሊጠይቁ የሚሄዱ ሽማግሌ ይመስሉ ነበር።

«አባባ ዳጂ፣ ደህና አደሩ? ወዴት ነው እንዲህ አምረው?»

«ደህና ነኝ። ትናንት ማታ ሰማዩ ሲያጓራ አልሰማሽም እንዴ?»

«እንዴት አልሰማ! ፍየላችን እንኳ አልጋ ሥር ገብታለች።»

«እንግዲያው ክረምት ገብቷል። ልዘራ ነው።»

«ሁሉንም?»

«ታዲያ ለአይጥ ላስቀምጠው?»

አገራችን ኮንካን በተራራና በባሕር መካከል ያለች ጠባብ ጠረፍ ናት፤ እርሻችን ባሕሩን ከሚገታው ግድብ ሥር፣ ባሕሩ አፍንጫ ላይ ነው። አፈሩ ጨው አለበት፤ ከቀይ ሩዝ በቀር የሚችለው የለም። ካቻምና ባሕሩ ግድቡን ጥሶ ሲገባ የየቤቱን ዘር ጠራርጎ ወሰደ። የተረፈው የአባባ ዳጂ ብቻ ነው። ለጎረቤት ቆንጥረው ያካፈሉት ቢኖርም፣ የመንደሩ ተስፋ ያ ቅርጫት ነበር። ደግሞም ከአያታቸው ጀምሮ በመጀመሪያው ነጎድጓድ ማግስት ቀድሞ የሚዘራው የእሳቸው ቤት ነው። ሌላው ሰው እጁን አጣጥፎ እሳቸውን ይጠብቃል።

እኔ የተማርኩት እስከ ሰባተኛ ክፍል ነው። ይህ በመንደራችን ለሴት ልጅ ብዙ ነው፤ ለአባባ ዳጂ ግን ከልክ ያለፈ ነው። ቢሆንም መንገዱ መሀል ቆምኩ።

«እባክዎ አይዝሩ። ይሄ ክረምት አይደለም።»

«አንቺ ምላሰኛ! የራሰውን መሬት አታዪም?»

«አያለሁ። የትናንቱ ዝናብ በየት በኩል መጣ?»

«በተራራው በኩል።»

«ክረምትስ በየት ነው የሚመጣው?»

«በባሕር» አሉና ወዲያው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ዝናብ ዝናብ ነው! አገርህ የት ነው ተብሎ አይጠየቅም።»

«ይጠየቃል እንጂ! የትናንቱ የሙቀት ልጅ ነው፤ ጮኾ፣ አስደንግጦ ይሄዳል። ለመሆኑ በጎረምሳነትዎ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ አይደል? ንጋት ላይ ጀልባውን ወደ ባሕር የሚያወጣው የቱ ነፋስ ነው?»

«የምድሩ ነዋ።»

«ከሰዓት በኋላ የሚመልሰውስ?»

«የባሕሩ። ፈተና ላይ አስቀመጥሽኝ እኮ!»

«ለምንድነው የሚዞረው?»

«ለምን ማለት ምን ማለት ነው? ልማዱ ነዋ!»

«ጫማዎን ያውልቁ።»

ፀሐይ ከፍ ብላ ነበር። እየተነጫነጩ አወለቁ፤ አሸዋውን ሲረግጡ ግን በዕድሜያቸው ያልጠበቅሁትን ዝላይ ዘለሉ።

«ኧረ እሳት ነው! ልትጠብሺኝ ነው?»

«ወደ ውሃው ይግቡ።»

ገቡ። ፊታቸው ፈታ አለ። «ቀዝቃዛ ነው።»

«ሁለቱንም የመታቻቸው አንድ ፀሐይ ናት፤ ግን ምድር ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎም ይበርዳል። ባሕር ለሁለቱም አይቸኩልም። ቀን ምድሩ ሲግል በላዩ ያለው አየር ይሞቅና እንደ ማድቤት ጭስ ሽቅብ ይወጣል። ቦታው ባዶ አይቀርም፤ ከባሕሩ ላይ ቀዝቀዝ ያለው፣ ከበድ ያለው አየር ይገባበታል። ሌሊት ምድሩ ከባሕሩ ይልቅ ሲበርድ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ጀልባዎን ሲያወጣና ሲመልስ የኖረው ይሄ ነው።»

«እሺ፣ ይሄ የቀንና የሌሊት ነገር ነው። ክረምትን ምን አገባው?»

«በጋውን ሙሉ እንደ አንድ ረጅም ቀን ይቁጠሩት። ከእኛ እስከ ሰሜን ተራሮች ድረስ አገሩ በሙሉ እንደዚህ አሸዋ ይግላል። ያኔ የሚሳበው የሰፈራችን ነፋስ ብቻ አይደለም፤ ከምድር ወገብ ማዶ ተነሥቶ ውቅያኖሱን የሚያቋርጥ ነፋስ ነው። ምድር ስለምትሽከረከር መንገዱ ይታጠፍና በደቡብ ምዕራብ በኩል ይደርስብናል። እግረ መንገዱን የባሕሩን እንፋሎት እየተሸከመ ነው የሚመጣው። እኛ ጋ ሲደርስ ተራራው ይገታዋል። ሽቅብ ይወጣል፤ ሲወጣ ይበርዳል፤ ሲበርድ የተሸከመውን መያዝ ያቅተውና ያፈስሰዋል። መጽሐፉ ሞንሱን ይለዋል። ክረምቱ ሲያልቅ አገሩ ይቀዘቅዛል፤ ነፋሱም ፊቱን አዙሮ ከምድር ወደ ባሕር ይነፍሳል።»

«ከተራራው ማዶ ያሉት ታዲያ ለምን ዝናብ አጡ? እኔ ልንገርሽ፤ ጸሎት ስለማይችሉ ነው።»

«ልጅዎን እዚያ አይደል የዳሯት? እሷም አትችልም?»

አባባ ዳጂ ሳቃቸውን በጥምጥማቸው ጫፍ ሸፈኑት። እኔ ግን ብረቱን እንደጋለ መቀጥቀጥ ፈለግሁ።

«ማዶ የሚደርሰው ሸክሙን እኛ ላይ አራግፎ ነው። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ዛሬ ንጋት ጀልባዎቹ ወጥተዋል?»

«ወጥተዋል። ሸራቸውን አይቻለሁ።»

«ስለዚህ የምድሩ ነፋስ ገና አለ ማለት ነው። ትልቁ ነፋስ ሲመጣ ግን ቀንም ሌሊትም ከባሕር ነው፤ ንጋት ላይ እንኳ አይዞርም።»

ቅርጫቱን ቀስ ብለው አወረዱ። «ያኔማ ጀልባውን ጎትተን ከባሕር እናወጣለን» አሉ፤ ድምፃቸው ተለውጦ ነበር። «ጀልባውን ነፋስ አይተን እናወጣለን፣ ዘሩን ነጎድጓድ ሰምተን እንዘራለን። ሁለቱን አገናኝቼ አስቤ አላውቅም።»

«ዛሬ ቢዘሩት ይበቅላል። ፀሐዩ ሲመለስ ግን ጨዉ ከሥር ይወጣና ይፈጀዋል። ይሄ ዘር ካለቀ ሌላ ከየት ይመጣል?»

ይህንንስ ራሳቸውን ነቅንቀው ተቀበሉት። ያልተዋጠላቸው ሌላ ነገር ነው። «ጎረቤቴ ሽሪፓት ቢቀድመኝስ? አባቴም አያቴም ተቀድመው አያውቁም።»

«ይቅደሙዎት። ሲያጭዱ ይቅደሟቸው።»

ሙሉ ቅርጫት ተሸክሞ በጋሽ ሽሪፓት ደጃፍ መመለስ ለአንድ ኩሩ ሽማግሌ ቀላል አይደለም። ጋሽ ሽሪፓትም ዕድሉን አላሳለፉትም።

«ዳጂ! ቅርጫቱ ከበደህ? ወይስ ይቺ ልጅ ናት የምታዝህ?»

«እኔ ነኝ!» አልኩ፤ ማን ዝም ይላል?

በዚያው ቀን ጋሽ ሽሪፓት ዘሩ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። ችግኙ ለምለም ሆኖ ወጣ፤ ሰውም አባባ ዳጂን ሲያይ ይጠቃቀስ ጀመር። ከዚያ ሰማዩ ጠራ። ፀሐዩ ነደደ። መሬቱ ላይ ዱቄት የነሰነሱበት የሚመስል ነጭ ጨው ወጣና ችግኙ ጫፉ እየቀላ፣ እየተኮማተረ አለቀ።

አባባ ዳጂ በየንጋቱ ባሕሩ ዳር እየሄዱ፣ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ነፋሱን ይለኩ ነበር። አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ ስሜን እየጠሩ ደጃችን ላይ ጮኹ።

«ባጊ! ውጪ! ዛሬ አልዞረም!»

ሮጥኩ። ነፋሱ ከባሕሩ ተነሥቶ ፊቴን መታኝ፤ እርጥብና የማያቋርጥ ነበር። አጥማጆቹ ጀልባ ይጎትቱ ነበር። ዝቅ ያለው ጥቁር ደመና ብዙም ሳይጮኽ በላያችን አልፎ ተራራው ላይ ተደገፈና ዝናቡ ወረደ። አባባ ዳጂ ጨዉ ታጥቦ በግድቡ በር እስኪወጣ ታገሡ፤ ከዚያ የቅርጫታቸውን ከፊሉን ዘሩ። የችግኝ መደቡ አረንጓዴ ምንጣፍ ሆነ።

ጋሽ ሽሪፓትና ጎረቤቶቹ ባዶ ቅርጫት ይዘው የመጡት ያኔ ነው። አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ።

«ዘሩን እሰጣችኋለሁ» አሉ አባባ ዳጂ። «ብቻ መጀመሪያ ቁጭ በሉ።»

«ለምን?»

«ይሄ ነፋስ ውቅያኖስ አቋርጦ ሲመጣ፣ ተራራውን ሳይወጣ በፊት የሚነካው የእኛን ዳርቻ ነው። ከኛ ተርፎ ነው ለማዶ የሚደርሰው። እንዲህ ያለ እንግዳ ቀድመን እየተቀበልን ስለ ነፋሱ ምንም አለማወቃችን ነውር ነው። ከእንግዲህ ንጋቱን አይተን አብረን እንዘራለን። ዘር አይባክንም፤ ጨዉ ሳይታጠብ አይዘራም፤ የግድቡም በር ለሁሉም እኩል ይከፈታል። እንዴት እንደሆነ የምትነግራችሁ እሷ ናት።»

ጋሽ ሽሪፓት እኔን አዩኝ፣ አባባ ዳጂን አዩ፣ ባዶ ቅርጫታቸውን አዩ። ከዚያ ቅርጫቱን ደፍተው ተቀመጡበት።

«እሺ፣ የኔ ልጅ» አሉ። «ጀምሪ።»

«መጀመሪያ» አልኳቸው፣ «ሁላችሁም ጫማችሁን አውልቁ።»