ባላንጣዎቹ የተስማሙበት ቃል

በአላባማ ጥቁር አፈር ምድር፣ ታሙላ በምትባል አውራጃ፣ ጥቁሮች ያለ ከልካይ እንዲመርጡ የሚያዘው አዲስ ሕግ ከወጣ ዓመት እንዳለፈው፣ ሉሺየስ ቦልዲን አንድ ቀን ረፋድ ላይ በቅሏቸውን ጋሪ ላይ ጠምደው በቆሎ ሊያስፈጩ ይወርዱ ነበር። ሶረል ወንዝ ሲደርሱ አንዲት ሰማያዊ መኪና ጎማዋ ጭቃ ውስጥ ሰጥሞ አገኙ። ድልድዩ በጎርፍ ከተወሰደ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ጋሪ ያለው ውሃውን እየሰነጠቀ ይሻገራል፤ መኪና ያለው አሥራ አንድ ማይል ይዞራል፤ የቸኮለ ደግሞ እንዲህ ጭቃ ውስጥ ይቀራል። ከመኪናዋ አጠገብ ጫማዋን በአንድ እጇ፣ የወረቀት ጥቅል በሌላው ይዛ የቆመችው የሟቹ አናጢ የፕሩት ልጅ ቨርኔታ ነበረች። ከመምህራን ኮሌጅ ከተመረቀች ሦስት ወሯ ነው።

ሽማግሌው ወርደው ገመድ መፍታት ጀመሩ። ሰባ አንድ ዓመት ቢሞላቸውም ወገባቸው አልጎበጠም። በወጣትነታቸው የሰልፍ አሠልጣኝ ስለነበሩ አገሬው «ሻምበል» ይላቸዋል። ወዴት እየሄደች እንደነበር ቢጠይቋት፣ ከወንዙ ማዶ ያሉትን ሰዎች በመራጭነት እንዲመዘገቡ ልትመክር መሆኑን ነገረቻቸው። ይህን ሲሰሙ እጃቸው ገመዱ ላይ ቀረ።

«ልጄ፣ መኪናሽን አወጣልሻለሁ» አሉ። «ምክርሽን ግን ለሚፈልገው ሰው ያዥው።»

«ሻምበል፣ የሚፈልገውን ሰው ያስቀሩብኝ እርስዎ ነዎት። ትናንት ስምንት ቤት አንኳኳሁ። ስምንቱም ቤት "ሻምበል ቦልዲን ያልነኩትን እኛ ምን ቆርጦን" አሉኝ። እነሱ የሰው መሬት ነው የሚያርሱት፤ ከተመዘገቡ ባለመሬቱ ዕቃቸውን መንገድ ላይ ይጥለዋል ብለው ይፈራሉ። የእርስዎ ግን መሬቱም ቤቱም የራስዎ ነው። እርስዎ ያልደፈሩትን ማን ይድፈር?»

«ፈርቼ መሰለሽ?»

«እኔ አልመሰለኝም። እነሱ ግን ፍርሃታቸውን በእርስዎ ኩራት ይሸፍኑበታል።»

ሻምበል ገመዱን ከመኪናዋ ጋር አሰሩ። ከዚያ ቀና ብለው፣ በጉድጓድ ውሃ ዳር ለአገሬው ሁልጊዜ የሚሉትን አሉ። «ስሚኝ። እኛ ራሳችንን የቻልን ሕዝብ ነን። አፍሪካ የምትባል እናት አለችን። ማን ይግዛኝ ብዬ የሰው ቤት ገብቼ አልመርጥም። ይህ አገር የነጭ አገር ነው፤ እንደፈለገ ያድርገው። እኛ ክብራችንን እንጠብቅ።»

ይህን ያሉት ከድንቁርና እንዳልነበረ መታወቅ አለበት። አባታቸው ከባርነት ነፃ በወጡ ማግስት ድምፅ ይሰጡ ከነበሩት አንዱ ነበሩ። የሰጡት ድምፅ ሲሰረቅ አይተዋል፤ ለምን ብለው ስለጠየቁም ተገርፈዋል። ልጅየው ሉሺየስ በሃያ ስድስት ዓመቱ ሞቢል ወደብ ላይ ተሸካሚ ሳለ፣ «ወደ አፍሪካ እንመለስ፣ የራሳችን መንግሥት ይኑረን» ከሚል ማኅበር ገባ። በየእሑዱ የእንጨት ጠመንጃ ተሸክሞ ይሰለፋል፤ ኋላም ሌሎቹን ያሠለጥናል። ከማንም በታች እንዳልሆነ መጀመሪያ የሰማው እዚያ ነው። ማኅበሩ ሲፈርስ ያ ኩራት አልፈረሰም። ወደ ታሙላ ተመልሶ ሌላው ሰው የባለመሬት እርሻ በእኩል እያረሰ ሲቀር እሱ መሬት የገዛው በዚያ ኩራት ነው። ኩራት የወደቀን ሰው ያነሣል፤ ይህ አይካድም። ግን ለቤቱ ምሰሶ የሆነውን እንጨት በር ላይ ቢያጋድሙት መውጫ ይዘጋል። በሻምበልም የደረሰው ይኸው ነው።

ቨርኔታ በአክብሮት አድምጣ ስትጨርስ፣ ስለ አፍሪካ ከእርሳቸው አፍ እየሰማች ማደጓን፣ ኮሌጅ ስትገባም አንገቷን ያላስደፋት ያ ወሬ መሆኑን ነገረቻቸው። ሻምበል ደስ አላቸው። ቀጥላ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለች።

«ባለፈው ማክሰኞ ሦስት አሮጊቶች ላስመዘግብ ይዤ ሄስተር ከተማ ስሄድ፣ አንድ ሰው የፖስታ ቤቱ ደረጃ ላይ መንገድ ዘጋብን። ምን አለኝ መሰለዎት? "ይህ አገር የነጭ አገር ነው" አለኝ። እኔን የገረመኝ፣ ሻምበል፣ እርስዎና እሱ በሁሉም ነገር ባላንጣ ናችሁ፤ በዚህች ቃል ግን ተስማማችሁ።»

ሽማግሌው ወደ ጋሪያቸው ዞሩ። በቅሏቸውን መቱ፣ መኪናዋን አወጡ፣ ስንብት ሳይሉ ሄዱ።

ማታ ራት ላይ ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ማዜላ ነገሩን አንሥተው፣ የዛሬ ልጅ ሽማግሌ እንደማያከብር አማረሩ። ማዜላ ጎመኑን እየጨለፉ «ምን መለስክላት?» ብለው ብቻ ጠየቁ። ሻምበል የበቆሎ ዳቦውን ቆርሰው አፋቸው ውስጥ ከተቱ። 

ቅዳሜ ለማረሻ የሚሆን ብረት ፍለጋ ሄስተር ወረዱ። በአደባባዩ ላይ አንድ የጭነት መኪና ቆሟል፤ በላዩ ላይ የአውራጃው የመንገድ ኃላፊ ለኅዳሩ ምርጫ ይቀሰቅሳል። ድልድዩ ሲፈርስም በሹመቱ ላይ የነበረው እሱ ነው። ሻምበል ብረታቸውን በትከሻቸው ተሸክመው ለማለፍ አሰቡ፤ ግን ጆሯቸው ያዛቸው።

«እግዚአብሔር ዘርን የለየው እንዲለይ ነው» ይላል ሰውየው። ሻምበል ይህን እሳቸውም ብለውታል። «እያንዳንዱ ሕዝብ ከራሱ ጋር ይኑር።» ይህንንም ብለውታል። ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቁት ስለነበር ተናጋሪው ሳይጨርስ በልባቸው ጨረሱለት። «ይህ አገር የነጭ አገር ነው።» ሕዝቡ አጨበጨበ። ሻምበል ብረቱን ከትከሻቸው አወረዱ። አርባ አምስት ዓመት የኔ ብለው የያዙት ቃል የጠላታቸው ቃል ሆኖ አገኙት።

ከሚያጨበጭቡት መካከል ሃርላን ስኬግስን አዩት። ከወንዙ በታች የሚያርስ ድሃ ነጭ ነው፤ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተጥፏል። እሱም በድልድይ እጦት ጥጡን ይዞ አሥራ አንድ ማይል ይዞራል። ባለፈው ክረምት ሚስቱ ምጥ ይዟት ሐኪም ዞሮ እስኪደርስ ልጁ ያለ ረዳት ተወለደ። ተናጋሪው ስለ ዘር ግማሽ ሰዓት ሲናገር ስለ ድልድዩ አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ ስኬግስም አልጠየቀውም። ሻምበል ይህን ሲያስተውሉ ሳቃቸው መጣ። «ዘር ዘር እያለ አሥራ አንድ ማይል ያዞረዋል» አሉ ለራሳቸው። ወዲያው ደግሞ ሳቁ ቆመ። «እኔንስ ማን አዞረኝ?»

ከዚያ በቀጥታ የሄዱት ወደ ቨርኔታ እናት ቤት ነው። ልጅቷ በረንዳው ላይ ወረቀት ስታስተካክል ነበር፤ ብድግ ብላ ወንበር ሰጠቻቸው፣ ቀዝቃዛ ሻይም አመጣችላቸው። ሻምበል የተሸነፉ ሳይመስሉ መጠየቅ ፈለጉ።

«ብመዘገብ እንኳ ምን ይረባል? የአባቴን ድምፅ ሳጥኑ በላው።»

«ያኔ አባትዎ ብቻቸውን ነበሩ፤ የሚያስጥላቸውም አልነበረም። ዛሬ መዝጋቢው ከዋሽንግተን የተላከ ነው፤ ፖስታ ቤት ተቀምጧል። በምርጫው ቀንም ከእያንዳንዱ ሳጥን አጠገብ የኛ ሰው ይቆማል። በዚህ አውራጃ ከአምስት ሰው አራቱ እኛ ነን፣ ሻምበል። አራቱ ቤታቸው ተቀምጠው አንዱ ይገዛል።»

«እሺ፣ ወጣን እንበል። ከነጮቹ አንዱን መርጠን ልንመለስ ነው?»

«ለምን? በቤተ ክርስቲያን ተሰብስበን የራሳችንን አምስት ሰዎች አቅርበናል። ለመንገዱ ሹመት ግንበኛውን አይዛያ ግሪምስን። ዘርዎን ይርሱ ማን አለዎት? ኩራትዎን ይዘው ይምጡ፤ ግን ሥራ ይስጡት።»

ሻምበል ሻዩን አስቀመጡ። «አፍሪካስ?»

ልጅቷ ወረቀቷን ወደ ጎን አደረገች። «አፍሪካን ይውደዷት፤ እኔም እወዳታለሁ። ግን ይህን ጫካ የመነጠሩት አያትዎ ናቸው። ጉድጓዱን የቆፈሩት አባትዎ ናቸው። የፍርድ ቤቱን ጡብ የሠሩት የኛ ሰዎች ናቸው። ይህን ሁሉ ትተው "የነጭ ነው" ሲሉ፣ ማን ጠይቆዎት ነው የሚያስረክቡት?»

ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነሡ። ከዚያ ፈገግ አሉ። «አባትሽ አናጢ ነበር፤ ምስማር ሲመታ አይስትም ነበር» አሏት።

ሰኞ ጠዋት ሻምበል ጥቁር ልብሳቸውን ለበሱ፣ ጫማቸውን ወለወሉ፣ ማዜላን ጠርተው ተቀመጪ አሏቸው። ትልቅ ነገር ለመንገር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወደ ከተማ ሄደው ሊመዘገቡ መቁረጣቸውን፣ ማዜላ ቢፈሩ ግን እንደማይፈርዱባቸው ነገሯቸው።

ማዜላ ባርኔጣቸውን አነሡ። «እኔ ከተመዘገብሁ ሦስት ሳምንቴ ነው» አሉ። «እህቴ ጋ ደርሼ ልምጣ ያልሁህ ቀን።»

ሻምበል ወደ እሳቸው ዞሩ። «ስንት ዓመት ስሰብክሽ ኖሬ?»

«አንተ ስትሰብክ እኔም ሳስብ ነበር። ና አሁን፤ በቅሎዋ ትጠብቃለች።»

ጋሪው በወንዙ ማዶ መንገድ ሲያልፍ ሰው ከየበረንዳው አየ። ሻምበል ሰኞ ቀን በእሑድ ልብስ የት ይሄዳሉ? ወሬው ከጋሪው ቀደመ። ከስምንቱ ቤቶች ስድስቱ ተነሡ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ፖስታ ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ሃምሳ ሦስት ሰው ሆነዋል። ከመንገዱ ማዶ ጥቂት ሰዎች ክንዳቸውን አጣጥፈው በቁጣ ያዩዋቸዋል፤ ከሰልፉ አንዳንዱ ወደ ኋላ ማየት ጀመረ። ሻምበል ያን ጊዜ ድሮ እንዳሠለጠኑት ድምፃቸውን አወጡ። ሁለት ሁለት አድርገው አሰለፏቸው፣ የደከሙትን ጥላ ውስጥ አቆሙ፣ ማንም ማንንም እንዳይሰድብ አዘዙ። ሰልፉ ሲስተካከል አንዲት አሮጊት መዝሙር አነሣች፤ የፈራው ሁሉ ከፍርሃቱ በላይ ድምፅ አውጥቶ ተቀበላት። ቨርኔታ ወረቀቷን ይዛ ከዳር ቆማ ነበር። እንባዋ ይወርዳል፤ ትስቃለች።

ከዚያ ሁሉ ሰው ከመሬቱ የተነቀለ የለም አይባልም፤ ሁለት ቤተሰቦች ተባረሩ። ሻምበል ከመሬታቸው ዳር ላይ ቤት ሠሩላቸው፤ መዶሻ ያልያዘ ጎረቤት አልነበረም። በኅዳር ምርጫ ከአምስቱ እጩዎች ሁለቱ አሸነፉ፤ ሦስቱ ተሸነፉ። ካሸነፉት አንዱ ግንበኛው ግሪምስ ነበር፤ ያን ሌሊት ቤተ ክርስቲያኑ እስኪነጋ ሲዘምር አደረ። በጸደይ ድልድዩ ቆመ። ሐኪም በሰዓቱ መጣ፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ከወንዙ ማዶ ልጆችን መጫን ጀመረ፤ ጥጥ በጊዜው ገበያ ደረሰ። ይህ ሁሉ የሆነው ሻምበል አፍሪካን ስለረሱ አይደለም። ዛሬም በጉድጓዱ ዳር ስለ እሷ ያወራሉ። የተውት አንዲት ቃል ብቻ ነው፤ ያቺን አገሩን ለሌላ የምታስረክበውን ቃል። ዘሩን የሚወድ ሰው ዘሩ የሚሻገርበትን ድልድይ ማን እንደሚሠራ መጠየቅ አለበት። በዘር ስም ሕዝብን የሚለያይ ግን፣ ጥቁርም ይሁን ነጭ፣ ሁለቱንም ያዞራቸዋል።

ድልድዩ በተከፈተ ቀን ዳርና ዳሩ ላይ ዓሣ ተጠበሰ፤ ማዜላ የስኳር ድንች ኬካቸውን ይቆራርሱ ነበር። ሃርላን ስኬግስ ዘር የጫነ መኪናውን ይዞ መጣና ከሩቅ ቆመ። ሕዝቡን አየ፤ መሪውን ይዞ አመነታ። በመጨረሻ ወርዶ ወደ ሽማግሌው ተጠጋ። ሻምበል በሰባ አንድ ዓመታቸው ከነጭ አፍ «አንተ ልጅ» ወይም «አንተ ሽማግሌ» እንጂ ሌላ ሰምተው አያውቁም።

ስኬግስ ኮፍያውን አወለቀ። «አቶ ቦልዲን» አለ፣ «በዚህ ማለፍ እንችላለን?»

ሻምበል «አቶ» የምትለዋን ቃል አንድ ጊዜ በልባቸው ደገሟት። ከዚያ ከማዜላ ትልቅ ቁራጭ ኬክ ተቀብለው ሰጡት።

«ድልድዩ የአውራጃው ነው፣ አቶ ስኬግስ» አሉት። «አንተም የአውራጃው ሰው ነህ። መጀመሪያ ግን ብላ።»